እንዲዘጋ ስለታዘዘው በራችን ለታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የከተማችን የታሪካዊ ሕንፃዎች ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎና ጉልበትዎስ ደህና ናቸው? ስለ ሁለቱ ለይቼ መጠየቄ በሌላ አይደለም፤ አንድ ቀን እንግዳችን ሆነው ቢመጡ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በፈቀደው መንገድ ወደ ቤታችን ለመግባት በዋናነት የሚያስፈልጉዎት እነሱ በመሆናቸው ነው።

በዚህ ወር በሦስተኛው ቀን የተጻፈልን፣ ሁለት ማኅተምና አንድ ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤዎ በክብር ደርሶናል። ደብዳቤው የምንኖርበትን የቀድሞ ፖስታ ቤት የፊት በር ያለ ፈቃድ በመክፈታችን የቅርሱን ይዘት እንደለወጥን ገልጾ፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ በሩን ወደ ተመዘገበበት ሁኔታ፣ ማለትም ወደ ዝግ፣ እንድንመልሰው ያዝዛል። በዚህ በር ከማንም በላይ የምትጠቀመው የሰባ ስድስት ዓመቷ እናቴ ናት። አምና ዳሌዋ ተሰብሮ ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ይዛ የምትራመድ ስለሆነ፣ በሩ ከተዘጋ ወይ አትወጣም፣ ወይ አትገባም። ስለዚህ መልሴን ለጽሕፈት ቤትዎ ብቻ ከምልክ፣ ምስጋናዬም በዛ ያለ በመሆኑ፣ ሰው ሁሉ ቢያነበው ይሻላል ብዬ በግልጽ ጽፌዋለሁ።

እኔ ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ስለ ሕንፃ አላውቅም። የማውቀው ስለ አሮጌ አፍ ነው፤ ያለውን ሳይጎዱ የጎደለውን መተካት፣ ከዚያም ሰውየው እንዲያኝክበት መስጠት። አምና ጽሕፈት ቤትዎ «ታሪካዊ ቤቶችን በመኖር እንጠብቅ» የሚል ማስታወቂያ በየግድግዳው ሲለጥፍ፣ ይህ የእኔው ሥራ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ባለቤቴ ማስታወቂያውን ሁለት ጊዜ አንብቦ «መኖር የሚለውን ማን እንዳስገባው እንጃ፣ ሳያዩት ያለፈ ይመስላል» ብሎኝ ነበር። አልሰማሁትም። የነበረንን ቤት ሸጠን፣ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን የቆመውን ፖስታ ቤት ወሰድን። የወሰድነውም ለውበቱ ብቻ አልነበረም። እናቴ እህቴ ዘንድ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበረች፤ ከሆስፒታል በቃሬዛ ከወጣችበት ቀን ጀምሮ ስምንት ወር መሬት አልረገጠችም። ፖስታ ቤቱ ደግሞ ምድር ቤት ነው፣ ደረጃ የለውም፣ በሩም ሰፊ ነው። ቢያንስ ከውጭ ሲታይ ሰፊ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፤ ስለ ባልዲው አመሰግናለሁ። የጽሕፈት ቤትዎ መዝጋቢ ከአራት ዓመት በፊት ሕንፃውን ለመመዝገብ የመጡት በዝናብ ወራት፣ ያውም ዶፍ በሚወርድበት ቀን ነው። በዚያን ቀን ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ከሥሩ ባልዲ ተቀምጧል። መዝጋቢው ጥንቁቅ ሰው ናቸውና ያዩትን ሁሉ ጻፉ፤ «ተራ ቁጥር 31፣ የብረት ውሃ መያዣ፣ በሰሜኑ ክፍል መሃል፣ እስከ ግማሹ ውሃ የያዘ።» ጣሪያውን እንድናድስ ፈቃድ ተሰጠን፤ ጣሪያ የሌላ ክፍል ሥራ ነው መሰለኝ። ባልዲውን እንድናነሳ ግን አልተፈቀደም። የሰሜኑ ክፍል ዛሬ መኝታ ቤታችን ነው። ባልዲው ከአልጋው እግርጌ፣ ልክ ሰው ከእንቅልፉ ተነስቶ እግሩን በሚያሳርፍበት ቦታ ተቀምጧል። ባለፈው ተቆጣጣሪዎ መጥተው ጎንበስ ብለው አዩትና «ይሄ ለምን ደረቀ?» ብለው ጠየቁን። ጣሪያው ስለታደሰ ነው አልናቸው። «መዝገቡ ግማሽ ነው የሚለው» አሉን። ባለቤቴ ከዚያን ቀን ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ድረስ ይሞላዋል። ቅርስ መጠበቅ እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሁለተኛ፤ ስለ ቀለሙ። የውስጥ ግድግዳው «በነበረበት አረንጓዴ» እንዲቀባ አዛችሁ፣ ናሙናም በፖስታ ላካችሁልን። ናሙናው የተፋቀው ከምሥራቁ ግድግዳ ነው። አናጺያችን በጣቱ አሸት አሸት አድርጎ አሸተተውና «እትዬ፣ ይሄ ቀለም አይደለም፣ ሻጋታ ነው» አለኝ። ቤቱን ከድሮ የምታውቀው እናቴም በስልክ ስትጠየቅ ግድግዳው ሁልጊዜ ነጭ ኖራ እንደነበር ተናገረች። ይህንን ጽፈን ብናመለክት፣ ናሙናው በባለሙያ የተወሰደ መሆኑ ተገልጾ መልስ መጣ። ቀባነው። ቀለም ሻጩ የምንፈልገውን ዓይነት ለመቀመም ግማሽ ቀን ፈጀበት፤ በመጨረሻ አገኘው። እንግዳ ሲመጣ እርጥበቱን ምን ብናደርግለት ይሻላል ብሎ ይመክረናል።

ቅር እንዳይልዎ፣ ከልቤ የማመሰግንበትም አለ። በሲሚንቶ እንዳንለስን ከልክላችሁን በኖራ ማስለሰናችሁ ልክ ነበር፤ ግድግዳው ዛሬ ይተነፍሳል። ደብዳቤ የሚደረደርበት ባለ መቶ ሃያ ቀዳዳ መደርደሪያም እንዳይነቀል ማለታችሁ ደግ ሥራ ነው። በየቀዳዳው የመንገድ ስም ተጽፎበታል። ማንኪያዎቻችን ወፍጮ ቤት መንገድ ናቸው፤ የባለቤቴ ካልሲዎች ጣቢያው ፊት ለፊት፤ ሽንኩርቱ ድልድዩን ተሻግሮ። ረጅሙን ባንኮኒ እንዳለ ትተን ገበታችን አደረግነው። እኔ ከሠራተኞቹ በኩል ቆሜ አቀርባለሁ፣ ባለቤቴ ከባለጉዳዮቹ በኩል ተቀምጦ ይበላል፤ ሳህኑን የምሰጠው «ሐዋላ» በሚለው መስኮት ነው። ወጡ ጨው ሲያንሰው «ቅሬታ የት ነው የሚቀርበው?» ይለኛል። የጽሕፈት ቤትዎን አድራሻ ሰጥቼዋለሁ።

ሦስተኛ፤ ስለ በሩ።

መዝጋቢው በዚያ ዶፍ ዝናብ የፊቱን በር ሁለት ጊዜ ገፋ ገፋ አደረጉት። አልተከፈተም። ጃንጥላቸውን አጥፈው ሕንፃውን ዞሩና በጎን በኩል የጥቅል መቀበያው መስኮት ገርበብ ብሎ አገኙት፤ በእሱ ገቡ። ከዚያም ተቀምጠው እንዲህ ጻፉ፤ «ተራ ቁጥር 5፣ የፊት በር፣ ባለ ሁለት ተከፋች፣ ጠንካራ እንጨት፣ ያለበት ሁኔታ ዝግ። መግቢያ፣ በጥቅል መስኮት።» እኛ ውል ስንፈርም፣ በመዝገቡ ከተራ ቁጥር 1 እስከ 40 ያሉትን ያለ ፈቃድ እንደማንነካ ፈርመናል። ቁልፍ አስቀርጸን እንክፈት ብለን ሦስት ጊዜ አመለከትን። ሦስት ጊዜም፣ መክፈት ያለበትን ሁኔታ መለወጥ ስለሆነ ጥያቄው በጥናት ላይ መሆኑ ተነገረን።

ስለዚህ አምስት ወር በመስኮት ገባን። መስኮቱ ከመሬት አንድ ሜትር ከፍ ይላል፤ ወርዱ ሰባ ሳንቲ ሜትር ነው። ደፉ የዘመናት ጥቅል ተንሸራቶበት እንደ መስታወት ልሟል፤ አንዴ ከተቀመጡበት ሳይፈልጉም ይገባሉ። ባለቤቴ በጭንቅላቱ ይገባል፣ እኔ በእግሬ። ማቀዝቀዣ የገዛነው በመስኮቱ ልክ ነው፤ አንድ ሐብሐብ ከገባበት ሌላው ሁሉ ውጭ ያድራል። አልጋው ተበትኖ ገብቶ ውስጥ ተገጠመ። ፊት ለፊታችን የሚሠራው ጫማ ሰፊ ጠዋት ጠዋት ባለቤቴ ሲወጣ እያየ «ጋሼ፣ ዛሬ አስቸኳይ ነዎት ወይስ ተራ?» ይለዋል። በዝናብ ቀን ደግሞ «በውሃ የሚበላሽ የሚል ይጻፍብዎት» ብሎ ይመክረዋል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሰሞን ይናደድ ነበር፤ ኋላ ግን እሱም ለመደና «ተሰባሪ ነኝ፣ ቀስ» ማለት ጀመረ።

ሦስተኛውን ማመልከቻ ተከትሎ አምስት አባላት ያሉት ኮሚቴ ልካችሁልን ነበር። እርስዎም አብረው መጥተው እንደነበር አስታውሳለሁ። መስኮቱን አይተው፣ ኮትዎን አይተው፣ «ውጫዊ ገጽታው በቂ መረጃ ይሰጣል» ብለው ጫማ ሰፊው ጥላ ሥር መቀመጥዎ ብልህነት ነበር። የኮሚቴው የምህንድስና ባለሙያ ግን ደፋር ናቸው፤ እገባለሁ አሉ። እስከ ቀበቷቸው ድረስ ያለ ችግር ገቡ። ከዚያ ወዲያ እኔ ከውስጥ እጃቸውን ይዤ ስስብ፣ ጫማ ሰፊው ከውጭ «ይህቺ እንኳ በሁለት ጥቅል ብትከፈል ይሻል ነበር» እያለ ሲገፋ፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ አንድ የሸሚዛቸው ቁልፍ ተበጥሶ ገቡልን። ውሃ ሰጠናቸው። ሲወጡ እንዴት እንደነበር አላነሳም፤ የቤተሰብ ሰው ናቸው። ከሳምንት በኋላ የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ሲደርሰን «መግቢያው በተግባር ተሞክሮ ለመኖሪያ አገልግሎት ብቁ መሆኑ ተረጋግጧል» ይላል። ለዚህም አመሰግናለሁ፤ ባለሙያው ባይወፍሩ ኖሮ ይህን ያህል በተግባር አይሞከርም ነበር።

እናቴ የመጣችው ባለፈው ወር ነው። እህቴ አሁንስ ደረጃው ገደለኝ አለች፤ እኛም ከዚህ በላይ መጠበቅ አልቻልንም። ከአራተኛ ፎቅ በወንበር አውርደን በመኪና አመጣናት። ባለቤቴና አናጺው ብርድ ልብስ አጣጥፈው መስኮቱ ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር፤ ሐሳባቸው አንዱ ከውጭ አንዱ ከውስጥ ሆነው በብርድ ልብስ ሊያሳልፏት ነው። እናቴ ከመኪናው ወርዳ ብረቷን አስተካክላ ብርድ ልብሱን አየችው፣ መስኮቱን አየችው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስገባት አለብኝ። እናቴ በዚህ ፖስታ ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። የሠራችውም በዚሁ መስኮት ላይ ነው፣ ጥቅል ተቀባይ ሆና። ይህንን በማመልከቻዎቻችን ላይ ጠቅሰነው ነበር፤ ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት የሌለው ተብሎ ተሰምሮበት ተመልሷል።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለችን።

ባለቤቴ በትሕትና «እማማ፣ በዚህ ነው የምንገባው» አላት።

«እኔ በዚህ መስኮት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ዕቃ ሳስገባ አንድም ሰው አስገብቼ አላውቅም። በሩስ ምን ሆነ?»

«ዝግ ነው።»

«ማን ዘጋው?»

ባለቤቴ እኔን አየ፣ እኔ አናጺውን፣ አናጺው ብርድ ልብሱን። እናቴ መልስ አልጠበቀችም፤ ብረቷን ቀድማ እያስቀመጠች ወደ ፊት በር ሄደች። ከበሩ በላይ ያለውን አሸንዳ ቀና ብላ አየችውና «ዛሬም አልተሠራም» አለች። ኋላ እንደነገረችን ያ አሸንዳ ሁልጊዜ በሩ ላይ ነው የሚያፈሰው። ዝናብ ሲበዛ እንጨቱ ያብጣል፤ በሩ መቃኑን ነክሶ ይይዛል። ቁልፉ ከተሰበረ ሰላሳ ዓመት አልፎታል፤ አልተተካም፤ ሌሊት ዘበኛ ስለነበር ማንም አላሰበበትም። በዝናብ ወራት ጠዋት ጠዋት ሁሉም ሠራተኛ በሩን የሚከፍተው በአንድ ዓይነት መንገድ ነበር፤ አዲስ የተቀጠረ መጀመሪያ የሚማረውም ማኅተም አያያዝ ሳይሆን ይህንኑ ነው።

«ና፣ አንተ» አለችው ባለቤቴን። «እጀታውን ወደ ላይ አንሳው። አትግፋ፣ አንሳ አልኩህ። አሁን ከታች፣ በግራ በኩል፣ በተረከዝህ ምታው። በጫማህ ጫፍ አይደለም፤ ተረከዝ የለህም እንዴ?»

መታው። በሩ ተከፈተ።

ክቡር ኃላፊ፣ አንድ ስንጥር አልወደቀም። አናጺው ማጠፊያዎቹን አንድ በአንድ አይቶ «ዘይት እንኳ አይፈልጉም» አለ። ጫማ ሰፊው መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ የተከፈተውን በር ውስጥና ውጭ አየና፣ አምስት ወር ሙሉ በመስኮት የተንከባለለውን ባለቤቴን በሐዘኔታ ተመለከተው። ያ ሐዘኔታው ከቀልዱ ሁሉ ባሰብን። እናቴ በደፉ ላይ አለፈች፣ ባንኮኒውን በመዳፏ ዳበስ አደረገች፣ ግድግዳውን አየችና «ይሄ ሻጋታ ለምን አልተጠረገም?» አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ ጠዋት ጠዋት በሩ አፍ ላይ ወንበር ይወጣላታል። ከሁለት ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ፀሐይ ትሞቃለች። ከዚያ ብረቷን ይዛ እስከ ጫማ ሰፊው ድረስ ሄዳ ትመለሳለች፤ ሐኪሙ ያዘዛት ይህንኑ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሦስት ጊዜ ታርፍ ነበር፣ አሁን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በሩን ክፍት ያዩ ሁለት ሽማግሌዎች ፖስታ ቤቱ የተመለሰ መስሏቸው ጥቅል ይዘው መጥተው ነበር። ወደ አዲሱ ሕንፃ መራቻቸው፤ ከመምራቷ በፊት ግን የአንደኛውን ጥቅል ገመድ አስፈትታ እንደገና አሳሰረችው። ተቆጣጣሪዎ ያለፉት በዚያ ጠዋት ነው። ሰላም አሏት፣ በሩን አዩት፣ ማስታወሻ ጻፉ። ደብዳቤዎ በአራተኛው ቀን ደረሰን።

ወዲያው ወደ ቢሮዎ መጣሁ፤ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ያነጋገሩኝ የክፍሉ ባልደረባ መልካም ሰው ናቸው፣ ወንበር ስበው አስቀመጡኝ። «እትዬ፣ ችግርዎ ይገባናል፤ ግን መዝገቡ ዝግ ነው የሚለው» አሉኝ። በሩ ዝግ ሆኖ የተገኘው ስላበጠ እንጂ ዝግ ስለነበረ አይደለም፣ ሃያ ዘጠኝ ዓመት የከፈተችው እናቴ ምስክር ናት አልኳቸው። በጣም በአክብሮት «እናትዎ ሰነድ አይደሉም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይደለችም። በመንገድ ላይ ሳስበው የመጣሁት ግን ባልዲው ሰነድ መሆኑን ነበር።

እንግዲህ ሰነድ ከተባለ ዘንድ እኔም የጽሕፈት ቤትዎን ሰነድ ጠቅሼ ጥያቄዬን ላቅርብ። መዝገቡን ስናገላብጥ ከበሩ አንድ መስመር ከፍ ብሎ፣ በዚያው መዝጋቢ እጅ፣ በዚያው ቀለም፣ እንዲህ ተጽፎ አገኘን፤ «ተራ ቁጥር 4፣ የድንጋይ ደፍ፣ መሃሉ በእግር ብዛት አራት ሳንቲ ሜትር ያህል የጎደጎደ።» ይህ ደፍ የዝጉ በር ደፍ ነው። ጽሕፈት ቤትዎ ተራ ቁጥር 5 እውነት ነው ካለ፣ ተራ ቁጥር 4ን ማን እንደረገጠው እንዲያስረዳን በትሕትና እንጠይቃለን። ተራ ቁጥር 4ም እውነት ነው ካለ ደግሞ፣ ያለበት ሁኔታ ከሚለው ሥር ያለውን አንዲት ቃል ሰርዞ በሌላ አንዲት ቃል እንዲተካልን እንለምናለን። ቀለሙን እኛ እናቀርባለን።

ይህ የማይቻል ከሆነ ሁለተኛ አማራጭ አስበናል። መዝገቡ በሕንፃው ውስጥ የነበሩ ጥንታዊ ነገሮች ከቦታቸው እንዳይነሱ፣ ወደ ቦታቸው ከመድረስም እንዳይከለከሉ ይደነግጋል። ስለዚህ እናቴን መዝግቡልን። ሃያ ዘጠኝ ዓመት በቦታው የነበረች፣ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮዋ ያለች፣ አንድ ክፍሏ ብቻ በብረት የታደሰ፣ ያለችበት ሁኔታም ተናጋሪ ናት። እድሳቱ የተከናወነው በፈቃድ ነው፤ የሆስፒታሉ ወረቀት አለን።

በሩን በተመለከተ የቤተሰቡን ውሳኔ በግልጽ ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ እኛ አንዘጋውም። እልህ ይዞን ወይም ሕግ ንቀን አይደለም። ስምንት ወር ፎቅ ላይ ተቀምጣ መስኮት ስታይ የኖረችን ሴት፣ መሬት ረግጣ ጫማ ሰፊው ዘንድ ደርሳ መመለስ በጀመረች በወሯ፣ በቃሽ የሚላት ሰው ከመካከላችን ጠፋ። ባለቤቴን ጠየቅሁት፤ ከፖስታ ቤቱ ዘመን በቀረው የቴሌፎን ሳጥን ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ። አናጺውን ጠየቅሁት፤ ሌላ ሥራ አለኝ አለ። ለእርሷ ደብዳቤዎን አነበብኩላት፤ መነጽሯን አስመጥታ ራሷ ደገመችውና «አንዱ ማኅተም ጠማማ ነው፤ በእኔ ጊዜ ይሄ ይመለስ ነበር» አለች።

በትዕግሥት ስላነበቡልኝ፣ እንዲሁም ወደፊት ስለሚያጠኑልኝ፣ ስለሚመረምሩልኝና ስለሚያጣሩልኝ ሁሉ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለመላው የጽሕፈት ቤትዎ ባልደረቦች ጤና፣ ለመዝጋቢው ደረቅ ወራት፣ ለምህንድስና ባለሙያው አዲስ ቁልፍ፣ ለእርስዎም ቀና ብለው የሚገቡበት በር እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የቀድሞው ፖስታ ቤት ነዋሪ፣ ጥርስ ሠሪ፣ የተራ ቁጥር 31 ጠባቂ

ማሳሰቢያ፤ የሰጣችሁን አሥራ አምስት ቀን የሚያልቀው የፊታችን ሐሙስ ነው። እኛ ስለማንዘጋው ጽሕፈት ቤትዎ ሰው እንደሚልክ እንገምታለን፤ የሚላከውም በሥራ ሰዓት እንደሚመጣ። በሥራ ሰዓት እናቴ ወንበሯን ደፉ መሃል ላይ አድርጋ ትቀመጣለች፤ ተነሺ ቢሏት የምትነሳ አይመስለኝም፣ ብትነሳም ቀስ ብላ ነው። እባክዎ ሰውየው ከመላኩ በፊት፣ በሩን ሲዘጋው ከውስጥ ሊያስቀራት ነው ወይስ ከውጭ፣ በጽሑፍ ይወስኑልንና ስምዎን ይፈርሙበት። መዝገብ ላይ ስለሚገባ፣ ማኅተሙ ቀጥ ያለ ይሁን።